ጨጓራው ከወጣ በኋላ

በካንሰር የተጠረጠረ ጨጓራ ተቆርጦ ከታማሚው ሆድ ሲወጣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሥራ ወደ ማብቂያው ይቃረባል፤ በሽታው በትክክል ምን እንደሆነ፣ የጨጓራውን ግድግዳ ምን ያህል ሰርስሮ እንደገባና በታማሚው ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር መኖር አለመኖሩን አረጋግጦ መናገር የሚቻለው ግን ገና ከቀናት በኋላ ነው። ይህን የሚናገረው ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ከሰውነት የተወሰደ ሕብረ ህዋስን በመጀመሪያ በዓይኑ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ መርምሮ የበሽታውን ምንነት የሚወስነው ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ፓቶሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ምኒልክ ሆስፒታልንና የአስከሬን ምርመራን ብቻ ያስባል፤ የሙያው የዕለት ተዕለት ሥራ ግን በአብዛኛው በሕይወት ካሉና መልስ ከሚጠባበቁ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ላይ የሚከናወን ነው።

በአዲስ አበባ ስለ ካንሰር ሕክምና ሲነሳ ጎልቶ የሚሰማው የጨረር መሣሪያ ማነስ፣ የወረፋው ርዝመትና የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። ችግሮቹ እውነተኛ ስለመሆናቸው የሚከራከር የለም፤ ይሁን እንጂ ኬሞቴራፒ ይሰጥ አይሰጥ፣ የትኛው ይሰጥ፣ ዳግም ቀዶ ጥገና ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነው በፓቶሎጂ ሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ሪፖርቱ ከጎደለ ወይም ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብና የሚከፈለው ስቃይ ሁሉ መሠረት አይኖረውም። የሪፖርቱ ጥራት ደግሞ፣ ከብዙዎች ግምት በተለየ፣ በአመዛኙ የሚወሰነው ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሥር ከመግባቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በርካሽ ፈሳሽ፣ በዕቃ ስፋት፣ በአንድ ቅጽና በመለያ ወረቀት ነው።

ኦሎምፒያ ይህን ለማየት የምታመች ሠፈር ናት። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ፣ ከፍላሚንጎ በታች ወሎ ሠፈር ሳይደረስ የምትገኘው ይህች ሠፈር፣ ልክ እንደ ሌላው የቦሌ መስመር፣ ባንኩ፣ ካፌው፣ የጉዞ ወኪሉና ክሊኒኩ በአንድ ሕንጻ ላይ ተደራርበው የሚሠሩባት ናት። በእንዲህ ያለው የከተማ ክፍል የግል ሕክምና በቁርጥራጭ የሚሰጥ አገልግሎት ሆኗል፤ ኤንዶስኮፒው፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ከውስጥ የማየቱ ምርመራ፣ በአንድ ቦታ ይደረጋል፤ ሲቲ ስካኑ በሌላ ይነሳል፤ ቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ይካሄዳል፤ ናሙናው ደግሞ የራሱ የፓቶሎጂ ክፍል ወዳለው ሌላ ተቋም ይላካል። ስለዚህ ጨጓራው ከባለቤቱ ተለይቶ ይጓዛል፤ ወይ በመስቀል አደባባይና በለገሃር በኩል አድርጎ ቸርችል ጎዳና ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ወይ በአቅራቢያው ወዳለ የግል ላቦራቶሪ ይደርሳል። አጓጓዡም ሁልጊዜ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለም፤ የታማሚው ልጅ ወይም ወንድም በፌስታል ያንጠለጠለውን ዕቃ ይዞ ራይድ ጠርቶ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ ሰው በእጁ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ እንጂ ምን ያህል በጊዜ የሚበላሽ እንደሆነ አልተነገረውም።

ጨጓራ ደግሞ ከብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች ይልቅ በፍጥነት የሚበላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ከሞት በኋላ ጨጓራ በራሱ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ እንደሚሟሟ አስረድቶ ነበር። በሕይወት እያለን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲዱና ፔፕሲን ከሚባለው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚጠብቀው በየጊዜው የሚታደስ ንፍጥ መሰል ሽፋንና በደም የሚመገበው የህዋስ ንብርብር ነው፤ ደሙ ሲቋረጥ ጥበቃው ይቋረጣል፣ ፈጪው ፈሳሽ ግን በቦታው ይቀራል። ከሆድ የወጣ ጨጓራም የሚደርስበት ይኸው ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚፈርሰው የውስጠኛው ስስ ሽፋን፣ ሙኮሳ የሚባለው፣ ሲሆን አብዛኛው የጨጓራ ካንሰር የሚነሳው ከዚሁ ሽፋን በመሆኑ፣ በክፍል ሙቀት ለሰዓታት ተቀምጦ የቆየ ናሙና ለፓቶሎጂስቱ የሚያሳየው ቅርጻቸው የጠፋ ህዋሳትን ነው። ካንሰሩ በሽፋኑ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ወዳለው ንብርብር አልፏል የሚለው፣ የታማሚውን ዕጣ የሚለየው ጥያቄ፣ እንዲህ ባለ ናሙና ላይ ያለ መልስ ይቀራል።

መበላሸቱን የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1893 ፎርማልዴሃይድን ለጀርም ማጥፊያነት ሲሞክር የገዛ ጣቱ ቆዳ መጠንከሩን አስተውሎ ሕብረ ህዋስን ለማቆየት እንደሚያገለግል ካሳወቀ ወዲህ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ የፓቶሎጂ ክፍሎች ከዚህ ርካሽ ፈሳሽ የተሻለ አጠቃላይ ማቆያ ሊያገኙ አልቻሉም። ዘወትር የሚሠራበት 10 በመቶ ፎርማሊን ሲሆን፣ ይህም ከፋብሪካ የሚመጣውን ወፍራም ፎርማሊን አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃና የአሲድነት መጠኑን በሚያስተካክል ጨው በማቅጠን የሚዘጋጅ ነው። ፎርማሊን የህዋሱን ፕሮቲኖች እርስ በርስ አስተሳስሮ ባሉበት ቅርጽ ያስራቸዋል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በጣም በዝግታ፣ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ጨጓራ ሳይከፈት ፎርማሊን ውስጥ ቢነከር ፈሳሹ ከውጭ በኩል ግድግዳውን ሲያጠነክር ውስጡ እየበሰበሰ ሊቀጥል ይችላል። የፈሳሹ መጠንም ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይገባም። ለስላሳና ተጣጣፊ የሆነ ጨጓራ አፉ በጠበበ ዕቃ ውስጥ በጉልበት ተጠቅጥቆ ሊገባ ይችላል፤ ፎርማሊን ካጠነከረው በኋላ ግን የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ከውስጥ ለማውጣት ሲሞከር ይቀደዳል፣ ወይም ዕቃው ይቆረጣል፤ ከወጣ በኋላም ታጥፎ የጠነከረው ግድግዳ ስለማይዘረጋ የዕጢውን ስፋትም ሆነ ዕጢው ከመቁረጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት በትክክል መለካት አይቻልም። ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ከሚበቃው ፎርማሊን ጋር ተዳምሮ ከቀዶ ጥገናው ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፎርማሊን ሲጠፋ በምትኩ ግሉኮስ ወይም ሴላይን መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ ሴላይን ናሙናውን ከመድረቅ ቢያድነውም ከመበስበስ አያድነውም።

ከዕቃው ጋር የሚሄደው ቅጽም ከዕቃው ያነሰ ዋጋ የለውም። ቅጹ ላይ የታማሚው ስም፣ ዕድሜ፣ ምን ምልክት እንደነበረው፣ በኤንዶስኮፒ ምን እንደታየ፣ ቀደም ብሎ በተወሰደው ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቀዶ ጥገናው በፊት በኤንዶስኮፒው ተቆንጥሮ በወጣው ትንሽ ናሙና፣ ምን እንደተገኘ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ እንደነበረና ሐኪሙ ምን ቆርጦ እንዳወጣ መጻፍ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን «ጨጓራ» የሚል አንድ ቃልና አንድ የጥያቄ ምልክት ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ኬሞቴራፒ የወሰደ ታማሚ ዕጢው ሊሟሽሽና ጠባሳ ብቻ ሊቀር ስለሚችል፣ ይህ ያልተነገረው ፓቶሎጂስት ጠባሳውን ለቁስል ጠባሳ ሊወስደው ይችላል። ሐኪሙ የቆረጠውን ጨጓራ አንደኛውን ጫፍ በክር ምልክት ካላደረገበትም የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ መለየት ላቦራቶሪ ውስጥ ሊያስቸግር ይችላል።

ናሙናው በወጉ ከደረሰ ምርመራው የሚጀምረው በዓይን ነው። ጨጓራው ዕጢው ያለበትን ቦታ በመተው፣ ዘወትር በውጫዊው ትልቅ ጎባጣ ጠርዙ በኩል በመቀስ ተከፍቶ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ቡሽ ወይም ሌላ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ተወጥሮ ሽፋኑ ወደ ፎርማሊኑ እንዲዞር ተደርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይቆያል። ሳይወጠር የጠነከረ ጨጓራ ስለሚኮማተር፣ ቀዶ ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር ብሎ የለካው ጤናማ ርቀት ላቦራቶሪ ላይ ከዚያ በጣም አንሶ ይገኛል፤ በሁለቱ ሐኪሞች መካከል የሚነሳው ቅሬታም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ የመቁረጫውን ጠርዞች በቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ኋላ በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ የካንሰር ህዋሳት ቀለሙን ነክተው እንደሆነ፣ ማለትም በታማሚው ሆድ ውስጥ የቀረ በሽታ ስለመኖሩ፣ ፍንጭ ይሰጣል። ዕጢው ይለካል፤ የተነሳ እብጠት፣ የተቦረቦረ ቁስል ወይም ድንበሩ የማይታወቅ ውፍረት ስለመሆኑ ይጻፋል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጨጓራው ጋር ተቆርጦ በሚወጣው ስብና ሞራ ውስጥ የሊምፍ ዕጢዎች፣ ሲያብጡ ሕዝቡ ንፍፊት የሚላቸው ዓይነት ትናንሽ እንክብሎች፣ ተደብቀው ይገኛሉ፤ ካንሰሩ ከጨጓራ ወጥቶ መሰደድ ሲጀምር ከቀዳሚዎቹ ማረፊያዎቹ መካከል እነሱ ናቸው። ዓለም አቀፉ የደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ቢያንስ 16 የሊምፍ ዕጢዎች እንዲመረመሩ ይጠይቃል። ካንሰር ያለባቸው ከ1 እስከ 2 ከሆኑ አንድ ደረጃ፣ ከ3 እስከ 6 ከሆኑ ሌላ ደረጃ፣ 7ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ ከፍተኛው ደረጃ ይሰጣል። ስለዚህ 5 ዕጢ ብቻ ተገኝቶ «ሁሉም ንጹሕ ናቸው» የሚል ሪፖርትና 25 ዕጢ ተመርምሮ «ሁሉም ንጹሕ ናቸው» የሚል ሪፖርት በቃል ቢመሳሰሉም በትርጉም አይገናኙም፤ የመጀመሪያው ታማሚ ካንሰሩ ያልተሰራጨበት ሰው ላይሆን፣ ስርጭቱ ያልተፈለገበት ሰው ሊሆን ይችላል። ስቡን በጣት እየዳሰሱ፣ በምላጭ እየሰነጠቁ እነዚህን እንክብሎች መልቀም አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህን ሰዓት የሚተካ መሣሪያ እስካሁን የለም፤ በአንድ ቀን ብዙ ናሙና የሚጠብቀው፣ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ቁጥሩ እጅግ ጥቂት የሆነው የሀገራችን ፓቶሎጂስት ይህን ጊዜ ከየት ያመጣዋል የሚለው ጥያቄ ከማይክሮስኮፕ ግዢ በፊት ሊነሳ የሚገባው ነው።

ከዕጢው፣ ከጠርዞቹና ከሊምፍ ዕጢዎቹ የተመረጡት ቁራጮች ከዚያ በመሣሪያ ውስጥ ያልፋሉ፤ ውሃቸው በአልኮል ተመጥጦ ይወጣል፣ አልኮሉ በዛይሊን ይተካል፣ በመጨረሻም የቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ገብተው ሲቀዘቅዝ ብሎክ የሚባለው ትንሽ የሰም ጡብ ይሆናሉ። ማይክሮቶም በሚባለው ስለታም መቁረጫ ከብሎኩ ላይ ከ3 እስከ 5 የሺህኛ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ስስ ልጣጭ ይነሳና መስታወት ስላይድ ላይ ተለጥፎ ይቀለማል። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ ቀለሞች ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ይባላሉ፤ ሄማቶክሲሊን የሚገኘው በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ ሲሆን የህዋሱን አስኳል ሰማያዊ ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያለብሰዋል።

በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ብቻ ብዙ ነገር ይነበባል። ፊንላንዳዊው ፔካ ላውረን እ.ኤ.አ. በ1965 የጨጓራን ካንሰር በሁለት ዋና ዓይነት ከፍሎታል። አንደኛው ህዋሳቱ የአንጀትን ዕጢዎች የሚመስል ቅርጽ ይዘው የሚያድጉበት ነው፤ ይህ በአመዛኙ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ ለዓመታት ከቆየ የጨጓራ ብግነት ተነስቶ ደረጃ በደረጃ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የተበታተነው ዓይነት ሲሆን ህዋሳቱ እርስ በርስ መያያዝ ትተው በየፊናቸው ግድግዳው ውስጥ ይሰራጫሉ፤ ብዙዎቹም በንፍጥ ተሞልተው አስኳላቸው ወደ ጠርዝ ስለሚገፋ «የማኅተም ቀለበት ህዋስ» ተብለዋል። ይህኛው ወጣቶችንም ይይዛል። ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ሲወርረው ጨጓራው እንደ ደረቀ ስልቻ ይገረራል፣ መለጠጥም ያቆማል፤ የሚያስቸግረው በዚህ ሁኔታ የውስጠኛው ሽፋን ጤነኛ መስሎ ሊታይ በመቻሉ፣ በኤንዶስኮፒ ከላይ ከላይ የተቆነጠረ ናሙና «ካንሰር የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ከዓይነቱ ጋር የቀዶ ጥገናው ስፋትም ይለያያል፤ የጃፓን ሐኪሞች መመሪያ ድንበሩ ለታወቀው ዕጢ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ለሚሰራጨው 5 ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ጠርዝ እንዲወጣ ይመክራል። ሐኪሙ በቂ ጠርዝ መቁረጡን ታማሚው ገና ጠረጴዛው ላይ እያለ ማረጋገጥ ሲፈልግ ናሙናው በፍጥነት ቀዝቅዞ ተቆርጦ በ20 ደቂቃ ገደማ መልስ የሚሰጥበት ዘዴ አለ፤ ፓቶሎጂስቱ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ ካልተገኘ ግን ዘዴው አይሠራም፤ በቦሌ መንገድ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ናሙና እየተላከ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

በጨጓራ ላይ የሚታይ እብጠት ሁሉ አንድ ዓይነት ካንሰር አለመሆኑም መታወስ አለበት። ከነጭ የደም ህዋስ የሚነሳ ሊምፎማ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም ውስጥ በመነሻ ደረጃ ላይ ያለ አንድ ዓይነት በቢላ ሳይሆን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ በሚያጠፋ አንቲባዮቲክ ብቻ ሊድን የሚችል ነው። ከጡንቻው ንብርብር አካባቢ የሚነሳ፣ በኢማቲኒብ እንክብል የሚታከም ሌላ ዕጢም አለ። በዓይን ተመሳሳይ መስለው የሚታዩትን እነዚህን ለመለየት የህዋሱን ፕሮቲን የሚያጣሩ ልዩ ቀለሞች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ በሀገራችን የሚሠሩት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ቀዶ ጥገናው ታሪክ ሲወሳ በቪየና ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1881 የጨጓራውን የታች ክፍል በካንሰር ምክንያት ቆርጦ ታማሚዋን በሕይወት ያስወጣ የመጀመሪያው ሐኪም መሆኑ ይጠቀሳል። ታማሚዋ ከ4 ወር ገደማ በኋላ በሽታው አገርሽቶ መሞቷ ግን እምብዛም አይነሳም። ቀዶ ጥገናው የተሳካ ነበር፤ በሽታው ግን ከተቆረጠው አልፎ ሄዶ ነበር። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1962 «ቀዳሚ የጨጓራ ካንሰር» የሚል ስያሜ ሰጥተው ከሙኮሳና ከሥሩ ካለው ንብርብር ያላለፈውን ሲለዩትና በምርመራ ዘመቻ ሲያድኑት፣ በዚህ ደረጃ የተገኙት ከ10ሩ ከ9 በላይ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት መኖራቸውን አሳይተዋል። በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚነገረው ደግሞ አብዛኛው ታማሚ በሽታው ከገፋ በኋላ እንደሚመጣ ነው።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የጨጓራ ሕመም በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የዕለት እንግዳ መሆኑ ነው። ተልባው ይበጠበጣል፣ አብሹ ይነከራል፣ ኦሜፕራዞሉ ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ አሲድን የሚቀንሰው መድኃኒት ደግሞ የካንሰርን ቁስል ሕመም ጭምር ለጊዜው ስለሚያስታግስ ወራት ያልፋሉ። ሕዝቡ ጥፋቱን በበርበሬውና በጾሙ ላይ ያሳብባል፤ ቀዳሚው ተጠያቂ ግን ከላይ የተጠቀሰው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያውን ትርጉም ያስተዋለው ሐኪምም ፓቶሎጂስት እንደነበረ ማስታወስ ከዚህ ጉዳይ አያርቅም፤ በአውስትራሊያዋ የፐርዝ ከተማ ይሠራ የነበረው ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1979 ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ሌሎች ችላ ይሏቸው የነበሩትን ጠማማ ባክቴሪያዎች አይቶ፣ ከባሪ ማርሻል ጋር ሆኖ የቁስሉ መንስኤ እነሱ መሆናቸውን አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1994 ባክቴሪያውን የታወቀ የካንሰር መንስኤ ብሎ መድቦታል።

በቁስል ጠባሳ ምክንያት የጨጓራው መውጫ ተዘግቶ፣ የትናንት ምግብ ዛሬ ወደ ላይ የሚመለስበት ታማሚ በኢትዮጵያ ኦፕራሲዮን ክፍሎች የቆየ ደንበኛ ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ሳያወጣ ከአንጀት ጋር በሌላ መንገድ ያገናኘዋል፣ ታማሚውም መብላት ይጀምራል። ይሁንና በጨጓራው የታች ክፍል የተነሳ ካንሰርም መውጫውን በዚያው መልክ ይዘጋል፤ ከተዘጋው ቦታና ከአጠገቡ ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ትንሽ ናሙና ሳይወሰድ ሆዱ ከተሰፋ፣ «ቁስል ነበር» የሚለው ቃል በታማሚው ካርድ ላይ ያለ ማስረጃ ተጽፎ ይቀራል። የተበሳ የጨጓራ ቁስል ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ይህ ያልታየ ሕብረ ህዋስ ወደ ትልቁ ሥዕልም ይዘልቃል። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ960 ሺህ በላይ ሰዎች የጨጓራ ካንሰር እንደተገኘባቸውና 660 ሺህ ያህል ሰዎችም እንደሞቱበት ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ይገምታል፤ ከአፍሪካ የሚመዘገበው ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። የሕክምና ጸሐፊዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» የሚሉት ይህንን ነው፦ ባክቴሪያው በስፋት ባለበት አህጉር ካንሰሩ ለምን አነሰ? በኢትዮጵያም በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶበታል። ለእንቆቅልሹ የባክቴሪያው ዝርያ፣ አመጋገብ፣ የሆድ ትላትል በሰውነት መከላከያ ላይ ያላቸው ተጽዕኖና የዕድሜ አጭርነት እንደ መልስ ቀርበዋል። ሁሉም የየራሳቸው ክርክር አላቸው፤ ከሁሉም በፊት ግን መነሳት ያለበት ተራ ጥያቄ ኤንዶስኮፒ ባልተደረገለትና ናሙናው ባልተመረመረ ሕዝብ ላይ የካንሰር ቁጥር እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲና በኪሊማንጃሮ ዙሪያ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች የጨጓራ ካንሰር ከሌላው የአፍሪካ ክፍል በርከት ብሎ እንደሚታይ ተጽፏል፤ ደጋ ላይ ለምትገኘው ኢትዮጵያ ይህ ሊያሳስብ የሚገባ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከከተማዋ የጤና ተቋማት መረጃ ይሰበስባል፤ የእንዲህ ያለ መዝገብ አስተማማኝነት የሚለካበት አንዱ መስፈርትም ከተመዘገቡት ታማሚዎች ውስጥ ምን ያህሉ በሕብረ ህዋስ ምርመራ የተረጋገጡ ናቸው የሚለው ነው። ኦሎምፒያ ላይ በጊዜ ፎርማሊን ያላገኘ ጨጓራ ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ባሻገር የሀገሪቱን ስታቲስቲክስም ያጎድላል።

ሪፖርቱ ተጽፎ ሲወጣ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚቀበለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታማሚው ሳይሆን ልጁ፣ ወንድሙ ወይም የእህቱ ባል ነው። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ክፉ ዜና እንደ መርዶ በዘዴና በጊዜው የሚነገር በመሆኑ፣ ፖስታውን የከፈተው ሰው ሐኪሙን «ለአባዬ እንዳይነግሩብን» ብሎ መለመኑ የተለመደ ነው። ርኅራኄው የሚገባ ቢሆንም፣ ምን እንደያዘው ያልተነገረው ሰው ለምን ለወራት ኬሞቴራፒ መውሰድ እንዳለበት አይገባውምና ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይቀራል። ቤተሰቡም ቢሆን ከሪፖርቱ የሚፈልገው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሙን ሊጠይቅባቸው የሚገቡት ሦስት መስመሮች ሳይነበቡ ያልፋሉ፤ እነሱም የበሽታው ጥልቀት፣ የጠርዞቹ ንጽሕናና ከተመረመሩት የሊምፍ ዕጢዎች ስንቱ እንደተያዙ የሚገልጸው ቁጥር ናቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ የተመረመሩት ዕጢዎች ከ16 በታች ሆነው ከተገኙ፣ በፎርማሊን ውስጥ የቀረው ስብ ሳይጣል ድጋሚ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ላቦራቶሪዎች ቀሪውን ሕብረ ህዋስ የሚያቆዩት ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ በመሆኑ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ቶሎ ነው።

የብሎኩ ዕድሜ ግን ከዚህ ሁሉ ይረዝማል። በክፍል ሙቀት ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ኋላ አዲስ ጥያቄ ሲነሳ፣ ለምሳሌ ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን የበዛበትን የጨጓራ ካንሰር የሚያጠቃው መድኃኒት ይሰጥ ወይ ሲባል፣ ምርመራው የሚደረገው ታማሚውን ዳግም በመቁረጥ ሳይሆን ከዚያው ብሎክ ላይ ሌላ ልጣጭ በማንሳት ነው። መድኃኒቱ የታማሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ጭምር ብሎካቸው ተፈልጎ ሊመረመሩ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለሕክምና ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄድ ታማሚ እዚያ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም የሪፖርቱን ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ስላይዱንና ብሎኩን ነው። ይህን የሚሰጠው ምርመራውን የሠራው ላቦራቶሪ ሲሆን፣ የሚያወጣውም በታማሚው ስም ሳይሆን ሪፖርቱ አናት ላይ በተጻፈው የናሙና ቁጥር ነው። ብሎኩን ይዞ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ዘመድ ከጭነት ሻንጣው ይልቅ በእጅ ቦርሳው ቢይዘው ይመረጣል፤ ፓራፊኑ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥም መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶት ባይወርድ ይመረጣል።